ስምህ በአዴ ሶያማ ጸሎት ውስጥ

ቡራዩ
ግንቦት 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበሪሁን፣

የኔ ጌታ፣ ያ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ጓደኛህ አሥራት ቀትር ላይ የጎዴ ፀሐይ የመታው ብረት በእጅ አይነካም ብሎ ሲያወራኝ ቆዳዬ ተቃጠለ። ውኃ እየጠጣህ ነው ግን? ድሮም ውኃ መጠጣት አትወድም፤ እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጣሳ ይዛ ግቢ ለግቢ ስታባርርህ ነው ያደግኸው። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ጤነኛ ነኝ። ሥራዬም እዚያው ፒያሳ ዳቦ ቤቱ ነው፤ በየጠዋቱ ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ፒያሳ እየተጋፋሁ መሄዴን አልተውኩም። ክረምቱ ሳይገባ ዝናቡ ጀምሮናል። የግቢያችን መግቢያ እንደምታውቀው ጭቃ ሆኗል፤ ትናንት አንድ ጫማዬን ውጦት ቆሜ ስጎትት ያየኝ ሁሉ ሳቀብኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ባወራህ በወደድኩ። ግን መስመራችን አይታመንም፤ ደግሞም የምነግርህ ነገር በስልክ የሚወራ አይደለም። አሥራት ፈቃዱን ጨርሶ ሊመለስ ስለሆነ፣ ከድርቆሹና ከበርበሬው ጋር ይህን ደብዳቤ ይዞልህ ይመጣል።

ባለፈው ስትደውል፣ "አሲዬ፣ መጸለይ አቃተኝ፤ ይህን ዓለም የያዘው ያለ አይመስለኝም" ብለኸኝ መስመሩ ተቆረጠ። ደጋግሜ ብሞክር አልገባ አለኝ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ መስመሩ ባይቆረጥም ኖሮ የምመልስልህ አልነበረኝም። ሰባኪ አይደለሁም፤ እኔም ራሴ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳስበው፣ መልስ ባይኖረኝም ያየሁት ነገር አለኝ። ያየሁት አከራዬን አዴ ሶያማን ነው። ስለ እሳቸው ልንገርህ፤ ሌላው ይቅር።

አንተ የምታውቃቸው በር ላይ "ኢልማ ኮ፣ ከሳህ እኮ!" እያሉ ሲቀበሉህ፣ ልጄ ልጄ እያሉ ሳትጠግብ ሲያጎርሱህ ነው። እኔ ደግሞ ቤታቸውን ከተከራየሁ ጀምሮ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖሬያለሁ። ከገፈርሳ ወዲህ ያለውን ትልቁን መጋዘን ታውቀዋለህ አይደል? እሱ የቆመበት መሬት የእነሱ የጤፍ ማሳ ነበር። ማሳው ሲወሰድ ባላቸው ኦቦ ገርባ አንድም ቀን አልተናገሩም ይላሉ፤ ዝም እንዳሉ በዓመቱ ሞቱ። አዴ ሶያማ አንድ ልጃቸውን ቦሩን ይዘው፣ በዚህች ግቢና ከጓሮ ባለችው የጎመን መደብ ቀሩ። ቤቱን ከፋፍለው እኛን አከራዩ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከጎረቤት ነው። እሳቸው ስለ መጋዘኑ አያወሩም፤ ሚኒባስ ውስጥ ሆነው በዚያ ሲያልፉ ብቻ ፊታቸውን ወደ ሌላው መስኮት ያዞራሉ።

አምና አዲስ አበባን ወደ እዚህ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ወሬ ሲጠነክር ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። አብሬያቸው ሄድኩ። ከመድረኩ ያሉት ስለ ልማት ብዙ ተናገሩ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። አዴ ሶያማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ልጆቼ፣" አሉ፣ "መሬቱን የሰጠን እግዚአብሔር ነው። እናንተም የእሱ ናችሁ። ስለዚህ ፈርቼ ዝም አልልም፤ ተሳድቤም አልናገርም። አንድ ጊዜ ተወስዶብኛል፤ ባሌንም አብሬው ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልችልም። ይህን ወደ በላይ ለሚያስተላልፍልኝ አመሰግናለሁ።" ብለው ተቀመጡ።

ስንመለስ፣ "አዴ፣ አልፈሩም?" አልኳቸው።

"ፈርቻለሁ እንጂ! ግን ሰውዬው ሹም ነው እንጂ ጌታ አይደለም።"

ያን ዕለት ነው እኚህን ሴትዮ ከአከራይነት ሌላ በሆነ ዓይን ማየት የጀመርኩት። እኔ 'እግዚአብሔር ያውቃል' የሚባለው ነገር ሰው ተስፋ ሲቆርጥ የሚለው ቃል ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ዘንድ ግን ለመቆም ነው የሚያገለግለው።

አሁን ወደ ታኅሣሡ ልምጣ። እጄ እየከበደው ነው የምጽፈው፤ አንተም ዓይንህ እየከበደው እንደምታነበው አውቃለሁ። ታገሠኝ።

ከዚያ ቀን ጥቂት ቀደም ብለህ ደውለህልኝ ነበር። "ሰበታ ነበርን፤ አሁን ወደ ሱሉልታ እየወሰዱን ነው፤ ከዚያ የት እንደሚያደርጉን አላውቅም" አልከኝ። "ተጠንቀቅ" አልኩህ። ከማን እንደምትጠነቀቅ አልነገርኩህም፤ እኔም አላውቀውም ነበርና።

የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ታክሲ የለም። ዋናው መንገድ ላይ ጎማ ይቃጠላል፤ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ወጣቶቹ እጃቸውን አጣምረው ወደ ላይ አንስተው ይዘምራሉ። ወደ ቤት ተመለስኩ። ቦሩ ከግቢ ሲወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። የኤሌክትሪክ ሥራ ወደሚማርበት ኮሌጅ ሲሄድ የሚይዘውን ቦርሳ እንኳን አልያዘም። "ቦሩ፣ አትሂድ" አልኩት። "አሲዬ፣ የአባቴን ነገር ታውቂያለሽ" ብሎኝ አለፈ። ያንተን ቃል ተከትሎ አሲዬ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ይህን ታውቃለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ እያያችሁ ስትጯጯሁ ሁለት ወንድም ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ተኩሱን ከቤት ሆነን ሰማነው። ከዚያ የጎረቤታችን የከድሩ ሚስት ፈቲያ እየሮጠች መጣች። "አዴ ሶያማ፣ ቦሩ ተመቷል! ግን አልሞተም፤ ወላሂ አልሞተም፤ በኢሱዙ ጭነውት ወደ አዲስ አበባ ወስደውታል!"

አዴ ሶያማ አልጮኹም። ነጠላቸውን አንስተው፣ "አሰጋሽ፣ ጫማሽን አድርጊ" አሉኝ።

በእግር ነው የሄድነው። ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል፤ መንገዱ ላይ የተበተነ ነጠላ ጫማ አለ። አሸዋ ሜዳን እንዳለፍን ፌዴራል ፖሊሶች፣ ባልደረቦችህ፣ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። አንዱ፣ ልጅ እግር ነው፣ "ማዘር፣ ይመለሱ! ማለፍ አይቻልም!" አለ። እኔ የሁሉንም ፊት እያየሁ አንተን ስፈልግ ነበር፤ አለመሆንህን ሳይ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። አዴ ሶያማ ጠጋ አሉትና፣ "ልጄ ቆስሎ ሆስፒታል ነው፤ ልደርስበት ነው። አንተም እናት አለችህ፤ ለእሷ ይመልስህ" አሉት። ልጁ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየና መንገድ ለቀቀልን። አለፍ እንዳልን ዞረው በእጃቸው አማተቡበት።

አስኮ ልንደርስ ስንል አቃተኝ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸውን ማጽናናት የሚገባኝ እኔ። "አዴ፣ እግዚአብሔር አሁን የት ነው ያለው?" ብዬ ጮህኩባቸው። በሪሁን፣ ይህ ያንተው ጥያቄ ነው።

ክንዴን ይዘው አስነሡኝ። "አሁን? አሁንማ ሆስፒታል ከቦሩ ጋር ነው። የዘገየነው እኛ ነን፤ ተነሺ።"

ተነሣሁ።

ቦሩን ከቀዶ ጥገና ካወጡት በኋላ አገኘነው። ጥይቱ ጭኑን በስቶ አጥንቱን ሰብሮታል። ሲነቃ እናቱን አይቶ አለቀሰ፤ ከዚያ እያቆራረጠ የሆነውን ነገረን። "ወደቅሁ፤ ደሜ ሲፈስ ይታየኛል። አንድ ፌዴራል አጠገቤ ተንበረከከና ቀበቶውን ፈትቶ ጭኔን ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ ልጆቹን 'አንሱት፣ አንሱት፣ ቶሎ!' ብሎ ጠርቶ ሄደ። ፊቱ ተሸፍኗል። የተኮሰብኝም ፊቱ ተሸፍኖ ነበር። ሁለት ሰው ይሁኑ አንድ ሰው፣ ሀርሜ፣ እናቴ፣ አላውቅም።"

በማግስቱ አንተ ደወልክ። ኮሪደሩ ላይ ነበርን፤ አዴ ሶያማ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም እንኳን ሳትለኝ፣ "የቦሩ እግር እንዴት ነው?" አልከኝ።

እኔ የቦሩን መቁሰል ለማንም ደውዬ አልተናገርኩም ነበር፣ በሪሁን።

"ደህና ነው" አልኩህ። አንተም "እሺ" ብለህ ዘጋኸው። ስልኩን ይዤ እንደቀረሁ አዴ ሶያማ ወደ እኔ ዞሩ።

"በሪሁን ነው?"

"አዎ።"

"ምን አለሽ?"

መዋሸት አልቻልኩም። "የቦሩ እግር እንዴት ነው አለኝ።"

ትክ ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ያለፈውን ሁሉ አየሁት፤ ልጽፈው አልችልም። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፤ እሱም በሕይወት አለ" አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሌላ ቃል አልጠየቁኝም። እኔም አንተን አልጠይቅህም።

ቦሩን ወደ ቤት ካመጣነው በኋላ ዕቃዬን ማሰባሰብ ጀመርኩ። አንተ ደግሞ በዚያው ሰሞን ራስህ ጠይቀህ ወደ ጎዴ መዛወርህን ሰማሁ። የፌዴራል እህት ሆኜ በዚያ ግቢ ውስጥ፣ በዚያ ልጅ ፊት ወጥቼ መግባት አቃተኝ። አዴ ሶያማ በር ላይ ቆመው ሻንጣዬን አዩ።

"ወዴት ነው?"

"ሰበታ ክፍል አለ ተብያለሁ። የእኔን ፊት ማየት እንዳይከብዳችሁ ብዬ ነው፣ አዴ።"

"ሰበታ ሌላ እግዚአብሔር አለ?" አሉኝ። "እዚህ ያስቀመጠሽ እሱ ነው። ልጄ ሲቆስል አብራኝ የሮጠችውን ልጅ ከቤቴ ላስወጣ? እኔ ለኦቦ ገርባ ምን ብዬ እነግረዋለሁ ስንገናኝ?" ብለው ሻንጣውን ራሳቸው ፈቱት። ልብሴን አንድ በአንድ እያጠፉ መለሱት። እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ስለ ሹራቤ መሳሳት ይቆጡኛል።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ሲጸልዩ ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማል። አንድ ቀን የቦሩን ስም ጠርተው ወዲያው ያንተን ስም ጠሩ። ቦሩ ከአልጋው ሆኖ ጮኸ።

"ሀርሜ! የእሱን ስም ከእኔ ስም ጋር አታንሺ!"

እኔ እንጀራ ልቆርስ ያነሣሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ አልተቆጡም።

"ልጄ፣ እኔ ብለያያችሁም እሱ አይለያያችሁም። ሁለታችሁንም የያዘው አንድ እጅ ነው። አንተ ተቆጣ፤ መብትህ ነው። እሱም ቁጣህን ያውቀዋል። እኔን ግን ጸሎቴን አታስተወኝ፤ ያለሱ አልቆምም።"

ቦሩ ከእኔም ጋር ለብዙ ሳምንት አልተነጋገረም። ቁርሱን ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እውነቱን ነው። እንዲያው ያሳዝነኛል እንጂ አልፈርድበትም።

ደግሞ አዴ ሶያማ ከድንጋይ የተሠሩ እንዳይመስልህ። አንድ ከሰዓት ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ ጓሮ የጎመኑ መደብ መሀል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጠላቸው ወርዷል፤ አፈሩን በእፍኛቸው ይዘዋል። "ያ ዋቃዮ! አላየህም? ሰውዬውን ወሰድክ ዝም አልኩ፤ መሬቱን ወሰዱ ዝም አልክ፤ አሁን ደግሞ የልጁ እግር? አላየህም እንዴ?" እያሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮኻሉ። ሰው ከእግዚአብሔር ጋር እንዲህ ሲጣላ አይቼ አላውቅም። ፈርቼ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ሲደክማቸው ዝም አሉ። አፈሩን ቀስ ብለው መደቡ ላይ መልሰው በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። ያኔ አዩኝ።

"ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ፣ አዴ። ይቅርታ።"

"ምን ይቅርታ አለው። ባልያዘኝ ላይ እንዲህ አልጮኽም" አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉልኝና አስነሣኋቸው።

ከሁሉ ይህ ነው የደነቀኝ። ከዚያች ቀን በፊት የእሳቸው እምነት ሀዘን የማይነካው ነገር ይመስለኝ ነበር። እምነታቸው ግን እንደ ልጅ ነው፤ አባቱን ደረቱን እየመታ የሚያለቅስ ልጅ፣ እየመታም ከእቅፉ የማይወርድ። ከዚያ ወዲህ እኔም በራሴ ቋንቋ መጸለይ ጀመርኩ። ቃል አላሳምርም። የሚያናድደኝንም እነግረዋለሁ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እልልታው አይጣል ነው። ፈቲያ አዴ ሶያማን አቅፋ ዘለለች። እሳቸው ፈገግ ብለው ተሳሙ፤ ከዚያ ግን ልብስ ቀይረው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ተከትያቸው ሄጄ ደጀ ሰላሙ ላይ የሰው ስም ሲጠሩ ሰማሁ። እዚህ ቡራዩ፣ ሱሉልታ እህታቸው አገር፣ ሰበታም የሞቱትን ልጆች ስም ነው። የሚያውቋቸውንም የሰሟቸውንም። ስንመለስ፣ "አዴ፣ ጸሎትዎ ተሰማ ማለት ነው?" አልኳቸው።

ትንሽ ተራመዱ። "ጸሎቴማ ያን ጊዜም ተሰምቷል፤ ፕላኑ የወጣ ቀንም። ዛሬ ብቻ የሰማኝ ከመሰለኝ፣ ነገ ሌላ ወረቀት ሲመጣ ምን ልሆን ነው? መንግሥት ያወጣል፣ መንግሥት ይሽራል። እሱ ግን የእነዚያን ልጆች ስም አይረሳም። የኔ ተስፋ እዚያ ላይ ነው፤ የሞቱትን ይመልሳቸዋል። ያን ቀን እናቶቻቸው እልል ሲሉ እኔም እላለሁ።"

ይህን ሲሉ ፊታቸውን ብታየው፣ በሪሁን! ሊያጽናኑኝ ብለው አይደለም የተናገሩት። እንደ ነገ ገበያ፣ እንደሚመጣ ክረምት እርግጠኛ ሆነው ነው የተናገሩት።

አሁን ስለ ቦሩ ልንገርህ፤ ይህን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። እግሩ ተርፏል። ጉልበቱ ግን በደንብ አይታጠፍም፤ በክራንች ነው የሚሄደው። ኮሌጁ ከመስከረም ጀምሮ ተመልሰህ ግባ ብሎታል። እስከዚያ ተቀምጦ የሰፈሩን ሬዲዮና ካውያ ይጠግናል። ሌስተር ዋንጫውን ሲወስድ ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደስታ ሲጮህ ሰማሁት፤ እናቱ እሳት የተነሣ መስሏቸው ከጓሮ ሮጠው መጡ።

በፋሲካ ማግስት አሥራት ሊጠይቀኝ መጣ። ዩኒፎርም አላደረገም፤ ግን ፌዴራል መሆኑን ቦሩ ከአረማመዱ ለየው። ደጃፉ ላይ ክራንቹን ተደግፎ ቆሞ አልንቀሳቀስም አለ። አሥራትም ደንግጦ በሩ ላይ ቀረ። አዴ ሶያማ ከውስጥ፣ "ማነው? የበሪሁን ጓደኛ ነው? ግባ እንጂ ልጄ፣ በዓል ነው!" አሉ። ቦሩ ቀስ ብሎ ክራንቹን ወደ ጎን አደረገ፤ ብዙም አይደለም፣ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበትን ያህል።

ገበታ ቀርበን መብላት ጀመርን። መጨረሻ ላይ ቦሩ ሳህኑን እያየ፣ "በሪሁን እንዴት ነው?" አለ። ስምህን ከአፉ ስሰማ ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

አሥራት ወደ እኔ አየ፤ እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። "አይተኛም" አለ። "ሰው አያጫውትም። እኛ ስንስቅ ተነሥቶ ይወጣል። ቀበቶ ስጠኝ ብሎኝ የእኔን ትርፍ ነው የሚያደርገው፤ የራስህስ ስለው መልስ አይሰጥም።"

ቦሩ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። የክራንቹ ድምፅ እስከ ጓሮ ድረስ ተሰማ። አዴ ሶያማ አሥራትን ማጉረሳቸውን ቀጠሉ።

ትናንት ይህን ደብዳቤ ልጀምር ስል ቦሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። "ለእሱ ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ከዚያ እንዲህ አለ፤ ቃሉን ሳልቀንስ ሳልጨምር ጻፊ ስላለኝ እንዳለው አደርገዋለሁ፦

"ሐኪሙ 'ያሰረህ ሰው ባይኖር ሆስፒታል አትደርስም ነበር፤ እጁ ይባረክ' ብሏል በይው። ስለ ሌላው ገና እየታገልኩ ነው። ገና ነኝ። ግን እንቅልፍ ይተኛ በይው።"

ይህን ብሎኝ ሄደ። ወንድሜ፣ ይህ ቀላል ነገር አይምሰልህ። ይህን ልጅ ከታኅሣሥ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ከዚያ አልጋ ላይ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ የከረመ ልጅ እስከዚህ ቃል ድረስ የመጣበትን መንገድ ያየ ሰው፣ ዓለሙን የያዘው የለም ለማለት ይቸገራል። እኔ ተቸግሬያለሁ። ጥይቱ ለምን እንደተፈቀደ አላውቅም፤ አዴ ሶያማም አናውቅም ይላሉ። ግን በዚያ ጭስ ውስጥ አንድ ሰው ተንበረከከ፤ ማንም አላዘዘውም። ያ ሰው ሲንበረከክ ብቻውን እንዳልነበረ አምናለሁ። አንተም መጸለይ ካቃተህ አትጨነቅ። እስኪመለስልህ ድረስ ጠዋት ጠዋት ስምህ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ አሁንም ከቦሩ ስም ቀጥሎ ነው የሚጠሩህ፤ ቦሩም መጮህ ከተወ ሰነበተ።

ልዘጋው ስል አንድ ነገር። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ባለፈው ወር ተለቋል። አዴ ሶያማ ግድግዳውን ኖራ አስቀቡት፤ አልጋም አስገቡበት። ደላላው ጥሩ ተከራይ ይዞ መጥቶ በሩን ሲከፍት አልጋው ባዶ ነው፤ ዕቃም የለም። "አዴ፣ ክፍሉ ባዶ አይደል እንዴ? ለምን አናከራየውም?" አላቸው።

ጎመናቸውን እየቀነጠሱ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ "ሰው አለበት" አሉት።

ዋቃዮ ሲ ሃ ኤቢሱ ብለውሃል፤ እግዚአብሔር ይባርክህ ማለታቸው ነው። ከበረሃው ሐሩር፣ ከክፉ ትዕዛዝ፣ ከራስህም ሐሳብ ይሰውርህ። መውጣትህንም መግባትህንም ይያዝልን። ፈቃድ ሲሰጡህ በቀጥታ ና፤ ሰበታም አዲስ አበባም ሌላ ዘመድ ቤት አትደር።

የምትወድህ እህትህ
አሰጋሽ